አንድ ሸክም በአንድ ቃል

ጋሽ ደገፋ ማረፋቸውን የሰማሁት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ወንድማቸው አቶ ረጋሳ ደውለው «ሰውዬህ ሄደ» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ የባነንኩት ከኋላዬ የቆመችው ሴት «ወንድም፣ ሰልፉ ሄዷል እኮ፣ ተራመድ እንጂ!» ብላ ስትገፋኝ ነው። ተራመድኩ። ምን ላድርግ? ከሰልፍ ወጥቼ ላልቅስ ብል ማታ ቤቴ አልገባም።

በማግስቱ የካ ሚካኤል ቀበርናቸው። ሲያካፋ ስለዋለ ጭቃው ጫማችንን ሊያወልቅ ደርሶ ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ «የትኛው ደገፋ ናቸው?» ይላል፤ ሌላው «እኚያ አረብኛ የሚያጠኑት ሽማግሌ» ብሎ ይመልሳል። ተናደድኩ። አርሶ የኖረ፣ ሚስት የቀበረ፣ ስንት ዓመት በብርድ ደን የጠበቀ ሰው በዚህ ብቻ ይታወቅ? ንዴቴ ሲበርድልኝ ግን እውነታቸውን ነው አልኩ። እኔም ሳስባቸው የሚመጡብኝ ያችን የተጣጠፈች ደብተር ይዘው ነው።

ስምንት ዓመት አብረን ደን ጠብቀናል። ከየካ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት፣ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ከሚልበት ላይ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለችን። ከዝናብ ታስጥላለች፣ ከብርድ ግን አታስጥልም። እኔ ዳገቱን ወጥቼ ስጨርስ የዕለቱን ጉልበቴን ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የምፈልገው መቀመጥ ብቻ ነው። እሳቸው ግን በእኔ ላይ ሃያ ምናምን ዓመት ጨምረው መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። ዱሮ እዚያው ጋራ ላይ ገበሬ ነበሩ። ከተማው እየሰፋ ሲወጣ መሬቱ ሄደ፣ እሳቸው ቀሩና የዛፍ ዘበኛ ሆኑ። ቤታቸው ውስጥ ኦሮምኛ፣ ከደጅ አማርኛ ነው የሚናገሩት። «ሁለቱ ቋንቋ ሳልለፋ ነው የመጣልኝ፤ ሦስተኛው ለፍቼበት ለምን እምቢ ይለኛል?» ይሉ ነበር። እምቢ አላቸው እንጂ! እንዴት አድርጎ ነው እምቢ ያላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ አያንቱ የምትባል። እናቷ ከሞተች በኋላ አረብ አገር ለቤት ሥራ ሄደች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ስትደውል ቆይታ በሦስተኛው ዓመት ድምጿ ጠፋ። ስልኳ አይሠራም። ጋሽ ደገፋ እጅ ላይ የቀረው የአሠሪዋ ቁጥር ብቻ ነው፤ ማዳም የምትባለው ሴትዮ ቁጥር። ደወሉላት። በአረብኛ አንድ ነገር ተናግራ ጠረቀመችው። ደግመው ደወሉ፣ ደግማ ጠረቀመችው።

ከደኑ እንጨት ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ ዘነቡ ትባላለች፤ አረብ አገር አምስት ዓመት ሠርታ ባዶ እጇን የተመለሰች ናት። እሷን ለመኗት። ፊቴ ነው የደወለችው። ማዳም ያበሻ ሴት ድምፅ እንደሰማች ጮኸችባትና ዘጋችው። ዘነቡ ስልኩን መለሰችላቸው። «አባባ፣ ሠራተኛዬን ልታስኮበልይ ነው ትለኛለች። በሴት ድምፅ አይሆንም። እኔም ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጩኸት መስማት አልችልም፣ ይማሩኝ» አለቻቸው።

ጋሽ ደገፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን አከኩ። ሲጨንቃቸው እንዲህ ነው የሚያደርጉት። «የሽማግሌ ድምፅ ብትሰማ፣ በወግ ሰላም ብላት፣ አባቷ ነኝ ብላት ትሰማኝ ይሆናል» አሉ። ከዚያ ወደ ዘነቡ ዞሩና «አባቷ ነኝ፣ በአረብኛ እንዴት ነው?» አሏት። በዚያች ሰዓት ተጀመረ።

ሴቶቹ ደረቅ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው በእኛ በኩል ነው የሚወርዱት። እርጥብ እንጨት ከሆነ እናስጥላለን፣ ደረቅ ከሆነ እያየን እንዳላየን እንሆናለን። ጋሽ ደገፋ አዲስ ሕግ አወጡ፤ አንድ ሸክም በአንድ ቃል። ያልከፈለ አያልፍም። ከሴቶቹ አረብኛ የሚያውቁት ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው፤ ሌሎቹ ግን ከእህታቸውም ከጎረቤታቸውም እየጠየቁ አንዳንድ ቃል በአፋቸው ይዘው መውጣት ጀመሩ። ወገባቸው ከሸክሙ ስር ለሁለት ታጥፎ «አባባ፣ ኩብስ፣ ዳቦ!» ብለው ያልፋሉ። አንዷ ጉደኛ ከራሷ ፈጥራ አንድ ሳምንት ሙሉ የሌለ ቃል ስትከፍላቸው ከርማለች። ሲነቃባት «ታዲያ ምን ላድርግ አባባ፣ አገር ያወቀው ቃል አለቀብኝ!» አለች። ያን ቀን ጋሽ ደገፋ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ሰፈሩ ግን አልተዋቸውም። «ጋሽ ደገፋ፣ በስተርጅና ምን ነካዎት?» የሚለው ብዙ ነው። ዕድርተኛው ሳይቀር ያሾፍባቸዋል። እሳቸው መልስ አይሰጡም። ቃሉን በፊደላችን ይጽፉታል፣ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ገጹን ይገልጣሉ፣ ሲጠፋባቸው ጉልበታቸውን በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ ያደርጋሉ። ደግሞ የዳገቱን መታጠፊያ ሁሉ አከፋፍለውታል፤ የመጀመሪያው ላይ ሰላምታ፣ ሁለተኛው ላይ ስማቸው፣ ሦስተኛው ላይ «ልጄ የት ናት?»። የዚያን መታጠፊያ ቃል በትክክል ሳይሉ አንድ እርምጃ አይራመዱም። አንድ ክረምት በዶፍ ዝናብ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ገትረውኝ ቆሙ። «እግዜር ያሳይዎት፣ ላይ ሆነው አይሉትም?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ዛሬ ሳልል ካለፍኩ ነገም ሳልል አልፋለሁ» አሉኝ። ቃሉ መጣላቸው። እኔን ጉንፋን ያዘኝ።

በርትተው ብቻ ነበር የሚኖሩት ብል ውሸቴን ነው። ደብተሩን ወርውረው «አሮጌ ጭንቅላት! ወንፊት!» ያሉበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ሲሆኑ እኔ አነሳላቸውና «በሉ ዛሬ አንዲት ብቻ» እላለሁ። ለአንድ ሰነፍ ሰው ሌላውን ማበርታት እንዴት ቀላል መሰላችሁ! አንዲት ትሆናለች፣ አንዷ ሌላዋን ትጎትታለች፣ ሳያስቡት አምስት ይሆናል።

መንፈቅ ያህል ካጠኑ በኋላ ንግግሩን መለማመድ ፈለጉ። «ማዳም ሁን እስቲ» አሉኝ። እኔ ጢሜን ያልተላጨሁት ዘበኛ ማዳም ሆንኩ። ድምፄን አቅጥኜ «ሚን?» እላለሁ፤ ማን ነው ማለት ነው። ተነስተው ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሰላምታቸውን ያወርዱታል። በመጨረሻ «ወይን ቢንቲ?» ይሉኛል። ልጄ የት ናት? እኔ ከዚህ በላይ አረብኛ ስለሌለኝ በአማርኛ «ደህና ናት፣ ልብስ እያጠበች ነው፣ ልጥራት?» እላለሁ። ፊታቸው ሲበራ ልታዩት ይገባ ነበር። ጨዋታ መሆኑን እያወቁ «እስቲ ጥሪልኝ» ይሉኛል። በቀን አንዴ ይህችን ሳንጫወት ወደ ቤት አንወርድም።

አንድ ማለዳ ዘነቡ ያለ ሸክም መጣች። ያለ ሸክም አይቻት አላውቅም። ጋሽ ደገፋ ወደ ላይኛው ጥግ ሄደው ነበር። «አያንቱ ሞታለች» አለችኝ። «እዚያ ከተማ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት የነገረችኝ። ታማ ነው አሉ። ሬሳውም አይመጣም፣ እዚያው ተቀብራለች።» ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዘነቡ እያለቀሰች ቁልቁል ሄደች።

ያን ቀን አሞኛል ብዬ በጊዜ ወረድኩና ለአቶ ረጋሳ ነገርኳቸው። አቶ ረጋሳ አለቀሱ፤ እንባቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ ግን «ሠርጉስ?» አሉ። ልጃቸውን ሊድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ድንኳን ተይዟል፣ ዘመድ ከሱሉልታ ተጠርቷል። «መርዶ እንደሁ ሰው ሰብስቦ በማለዳ በወግ ነው የሚነገረው። ሠርጉ ይለፍና እናረዳዋለን። አንተ አደራህን፣ ፊትህ እንዳያሳብቅ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? ሁላችንም ያደግንበት ነው፤ ሐዘኑን መጨረሻ የሚሰማው ባለ ሐዘኑ ነው። ክፋት የለበትም፤ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው።

ግን እኔ ከሰውዬው ጋር አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው የምውለው። በማግስቱ ገና ደብተሩን ሲያወጡ «ጋሽ ደገፋ፣ ይኼ ነገር ይቅርብዎ። ዓይንዎም ደክሟል» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ትናንት በርቱ ስትለኝ አልነበር እንዴ?» አሉ። ከሰዓት በኋላ ተነስተው ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በል ማዳም ሁን።»

«ሚን?» አልኩ። ድምፄ ወፍራም ሆኖ ወጣ።

ሰላምታቸውን አንድም ሳያጎድሉ አወረዱ። እንደዚያን ቀን አሳምረው ተናግረው አያውቁም። «ወይን ቢንቲ?» አሉኝ።

ደህና ናት ልል አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም። ልብስ እያጠበች ነው ልል ሞከርኩ፣ እሱም አልወጣልኝም። ጫማዬን አየሁ። ጋሽ ደገፋ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ፣ ደብተሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ማዳም ዛሬ ደክሟታል» አሉና ወደ ጥበቃቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ማዳም ሁን ብለውኝ አያውቁም። እኔ ሞኙ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

የሠርጉ ቀን አዲስ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ሙሽራዋ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ስትስም እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው በኦሮምኛም በአማርኛም መረቋት። «ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ» አሉ። ድምፃቸው አልተሰበረም። የቀረበላቸውን በሉ፣ ሰው ሲበተን ተበተኑ። አቶ ረጋሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ተመስገን፣ አልሰማም» አሉኝ።

ሠርጉ ካለፈ በሳምንቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ስድስት ሆነን መርዶ ልንነግር ሄድን። በሩ ክፍት ነው። ጋሽ ደገፋ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ስድስት መቀመጫ ደርድረዋል፤ ሁለቱን ከጎረቤት ነው የተዋሱት።

«ግቡ» አሉ። «አታስጨንቁ ራሳችሁን፣ አውቃለሁ።»

አቶ ረጋሳ ደጃፉ ላይ ቀሩ። «ወንድሜ፣ መቼ ሰማህ?»

ጋሽ ደገፋ ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይኼ ሰው ማዳም መሆን ያቃተው ቀን።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ? እንዴት ዝም ትላለህ?»

«ልጅቷ ትዳር ብዬ ነዋ» አሉ።

እኛ ልናጽናናቸው የሄድነው እየጮህን አለቀስን፤ እሳቸው ነበሩ የሚያጽናኑን። አራት ሳምንት ሙሉ ብቻቸውን ይዘውት ከርመዋል፤ ያ ሁሉ ወጋችን ሰው ብቻውን እንዳይሆን ነው የተባለው። እስከ ዛሬ ያፍረኛል።

ከአርባው በኋላ ሥራ ሲመለሱ ደብተሩን አወጡ። ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። «አሁን ደግሞ ለምን? ለማን ብለው?» አልኳቸው። «የነገራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ያየችው እስካሁን አልነገረችኝም። ልጄ ስትሞት አጠገቧ ማን እንደነበረ፣ ምን ብላ እንደሞተች የምታውቅ ያች ሴትዮ ናት» አሉኝ።

ያኛው ጥናት ነው ጥናት። በፊት ልጃቸውን አገኛለሁ የሚለው ይጎትታቸው ነበር፤ አሁን የሚጎትታቸው የለም፣ ራሳቸውን የሚገፉት ራሳቸው ናቸው። ደብተሩ ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ያወቁትን ሁሉ ይረሳሉ። ሴቶቹ አዝነውላቸው ያለ ቃል እለፉ እስኪሏቸው ይቆሙላቸዋል፤ እሳቸው ግን «ክፈሉ» ይላሉ። ሆስፒታል፣ ሕመም፣ ስንት ቀን፣ ማን ነበረ። ዘነቡ ሞትንና ቀብርን ስትነግራቸው ከእኛው ቃል ጋር ተቀራራቢ ሆነው አገኟቸው። «እነዚህማ ሳልለፋም ነበሩኝ» ብለው ደብተሩ ላይ ሳይጽፏቸው ቀሩ። እኔም አልፎ አልፎ አንድ ሁለቱን በጆሮዬ ያዝኩ፣ ሳልፈልግ።

ሊደውሉ የቆረጡ ቀን ዘነቡም ነበረች። ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍተው ደወሉ። ማዳም አነሳች። ሰላምታቸውን ሳይቸኩሉ አደረሱ። «አና አቡ አያንቱ» አሉ። የአያንቱ አባት ነኝ። ጆሮዬን ቀስሬ የጥርቀማውን ድምፅ ጠበቅኩ። አልዘጋችም። ድምጿ ሌላ ሆነ። ለረጅም ጊዜ ተናገረች። ጋሽ ደገፋ «ነዓም… ነዓም…»፣ አዎ አዎ፣ ይላሉ፤ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ኳ ኳ ያደርጋሉ። ዘነቡ በሹክሹክታ ታስረዳኛለች፤ ሦስት ቀን ታማ ነው፣ ሴትዮዋ አጠገቧ ነበረች፣ አያንቱ «አባባ» ስትል ነበር፣ «ለእርስዎ በምን ቋንቋ እንደምነግርዎት ጨንቆኝ ነበር» ትላለች ማዳም።

ያኔ ስልኩ ውስጥ የሕፃን ድምፅ ገባ። አያንቱ ያሳደገችው የሴትዮዋ ልጅ ነው። ስልኩን ከእናቱ ነጥቆ አንድ ነገር ጠየቀ። ዘነቡ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አያንቱ የት ናት ይላል። አባቷ ጋ ሄዳለች ብለውት ነው» አለችኝ።

ጋሽ ደገፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዒንዲ» አሉት። «አያንቱ ዒንዲ።» እኔ ጋ ናት።

ከዚያ በኋላ ልጁ በየዓርቡ ይደውል ጀመር። ጂዶ ይላቸዋል፤ አያቴ ማለት ነው። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ለእሱ ሲሉ ተማሩ። ዝንጀሮ፣ ጅብ፣ በረዶ፤ ሴቶቹ ደግሞ የሚከፍሉት አዲስ ቃል ፍለጋ አገር አዳረሱ። አንድ ቀን «ለምን እውነቱን አይነግሩትም?» አልኳቸው። «መርዶ የሚነገረው የሚያለቅሰውን የሚይዝ ሰው ሲኖር ነው። እኔ በስልክ ሆኜ በምን እጄ እይዘዋለሁ? ትንሽ ይደግ» አሉኝ። እየደከሙ ሄደው ነበር፤ በመጨረሻ ዳገቱን ሲወጡ በየመታጠፊያው የሚቆሙት ቃል ሊሉ ይሁን ትንፋሽ ሊሰበስቡ አላውቅም።

ከተቀበሩ በኋላ አቶ ረጋሳ የጋሽ ደገፋን ስልክ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «እኔ ምን ብዬ አነሳዋለሁ?» አሉኝ። እኔስ?

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠራ። ቆርቆሮው ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ዘነቡ ሸክሟን ደጃፉ ላይ አስደግፋ ታርፋለች። ስልኩን ዘረጋሁላት። ራሷን ነቀነቀች፤ እንባዋ ወርዷል። «አልችልም። አንተ ማዳም ስትሆን አልነበር እንዴ፣ አንተው መልስ» አለችኝ። አነሳሁት።

«ጂዶ ወይን?» አለ ልጁ። አያቴ የት አሉ?

አንድ ደርዘን ቃል የማውቅ ሰው ነኝ። መዋሸት ብፈልግ እንኳ የምዋሽበት አረብኛ የለኝም። ያለኝን ቃል ሰበሰብኩና አንድ ላይ አደረግኩት።

«ጂዶ ዒንድ አያንቱ» አልኩት። አያትህ አያንቱ ጋ ናቸው።

ልጁ ትንሽ ቆየና «ጠይብ» አለኝ፤ እሺ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እኔም የምጨምረው ቃል አልነበረኝም፣ እሱም አልዘጋም።